ልጅዎን ሊጠይቁ አሜሪካ ሲሄዱ፦ ቲፕ ለማን፣ ስንት፣ መቼ

ከደብረ ታቦር፣ ከገሳይ ወይም ከንፋስ መውጫ ተነስቶ አሜሪካ ያሉ ልጆቹን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ በርበሬና ሽሮው አስተሻሸግ ምክር አያጣም። ስለ ቲፕ፣ ማለትም ለሠራተኛ ስለሚሰጠው ጉርሻ፣ ግን የሚነግረው የለም። ልጆቹ ለምደውት ረስተውታል፤ ጎረቤቱም አያውቀውም። ከዚያ ዋሽንግተን በገባ በሳምንቱ ምግብ ቤት ይጋበዝና ልጁ ከሂሳቡ በላይ አሥራ ምናምን ዶላር ሲጨምር ያያል። «ይሄ ደግሞ የምን ነው?» ይላል ጮክ ብሎ፤ አስተናጋጇ ደግሞ አማርኛ ትሰማለች። ይህ ጽሑፍ ያቺን ደቂቃ ለማስቀረት ነው።

ነገሩን አገር ቤት ሳሉ ይረዱት

እኛ ዘንድ ጉርሻ ምስጋና ነው። ሻይ ጠጥተው የተረፈውን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ቢተዉ ይመረቃሉ፤ ባይተዉም ማንም ፊቱን አያጠቁርብዎትም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ከገቡ ደግሞ አሥር በመቶው የአገልግሎት ክፍያ ከቫቱ ጋር ደረሰኙ ላይ ተደምሮ ስለሚመጣ «ከፍያለሁ» ብለው መነሳት ይችላሉ።

አሜሪካ እንዲህ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ የሚያገኝን ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍለው ይፈቅዳል። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ለሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛው ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሚሞላው እንግዳው ነው፤ እንግዳው ካልሞላው ቀሪውን አሠሪው እንዲያሟላ ሕጉ ያዛል። ብዙ ግዛቶች ከዚህ የተሻለ ይከፍላሉ፤ ካሊፎርኒያንና ሚኒሶታን ጨምሮ ሰባቱ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ከአሠሪው ያስከፍላሉ። እዚያም ቢሆን ታዲያ ቲፕ አልቀረም።

ልማዱ ከአውሮፓ የመጣ ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ ሥር የሰደደው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በየምግብ ቤቱና በፑልማን ኩባንያ የባቡር መኝታ ፉርጎዎች ሲቀጠሩ፣ አሠሪዎቹ ደመወዙን አሳንሰው ቀሪውን ለተሳፋሪው ችሮታ ተዉት። የፑልማን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው ለደመወዛቸው እስከ መታገል ደርሰዋል። እኔን ከጠየቁኝ ሥርዓቱ ፍትሐዊ አይደለም፤ ባለቤቱ ሊከፍል የሚገባውን ለበላተኛው ያሸክማል። ነገር ግን ሥርዓቱን የጠላ ሰው ቂሙን ሳህን ባቀረበችለት ልጅ ላይ ቢወጣ ባለቤቱ አይሰማውም፤ የምትጎዳው እሷ ናት።

ስለዚህ እንደ ቡሄ ሙልሙል ይያዙት። የደብረ ታቦር እናቶች ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው በር ላይ እስኪቆሙ ጠብቀው ሊጥ አያቦኩም፤ እንደሚመጡ ያውቃሉና ቀድመው ይጋግራሉ። ቲፕም ከቤት ሲወጡ አብሮ የሚቆረጥ ወጪ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይተዉ፦ ወደ ብር መመንዘር። አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ በሚመነዘርበት ዘመን የአሥራ ሁለት ዶላር ቲፕ በብር ሲታሰብ ምግቡ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ልጅዎ የሚከፍለው በዶላር ከሚያገኘው ነው። ማስላቱን ማቆም ካልቻሉ እንኳ በሆድዎ ያስሉ።

ዝርዝር ይያዙ፤ ኖቶቹንም ይለዩ

ቲፕ የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘቡ ማነስ ሳይሆን ከዝርዝር ማጣት ነው። እጅዎ ላይ ያለው ባለ ሃያ ዶላር ብቻ ከሆነ ሻንጣ ለተሸከመልዎ ሰው ወይ ሃያውን ይሰጣሉ ወይ ምንም አይሰጡም። ከመሄድዎ በፊት ዶላር የሚያገኙ ከሆነ ጥቂት ባለ አንድና ባለ አምስት እንዲኖርበት ይጠይቁ። ከደረሱ በኋላ ደግሞ ልጅዎ ከባንክ ወይም ከሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሃያ ዶላር በባለ አንድ ያዘርዝርልዎ።

የዶላር ኖት እንደኛ ብር በቀለም ቁልጭ ብሎ አይለይም። መጠኑ ሁሉም እኩል ነው፤ በጨረፍታ ሲያዩትም ሁሉም አረንጓዴ ይመስላል። ባለ አንዱ ላይ ዋሽንግተን፣ ባለ አምስቱ ላይ ሊንከን፣ ባለ ሃያው ላይ ጃክሰን፣ ባለ መቶው ላይ ፍራንክሊን አሉ። ፊቱን ለመለየት ጊዜ አያጥፉ፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ባለ አንዱንና ባለ አምስቱን በአንድ ኪስ፣ ትልልቁን በሌላ ያድርጉ። ነጠላ የለበሱ እናት ከሆኑ መቀነት ውስጥ ከቋጠሩት ገንዘብ ላይ ሁለት ሦስት ኖት አስቀድመው አውጥተው በቦርሳ ይያዙ፤ በሰው ፊት መቀነት መፍታት ለእርስዎም አይመችም። የሳንቲም ጭብጥ ለቲፕ አይስጡ፤ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ዳላስ ነው። እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ወላጆች ልጆች ትኬት ሲቆርጡ ዊልቸር ማዘዝ ልማድ አድርገዋል። ጉናን በእግሩ የሚወጣ አባት ሳይቀር በዊልቸር ተገፍቶ ሲወጣ ቢያዩ አይገረሙ፤ ነገሩ የጉልበት ሳይሆን መንገድ የሚመራ ሰው የማግኘት ነው። ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ በፓስፖርት ቁጥጥሩ በኩል አሳልፎ፣ ሻንጣዎን ከሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ አንስቶ፣ ቤተሰብዎ እስከቆመበት ያደርስዎታል። አገልግሎቱ ራሱ በነፃ ነው፤ ሠራተኛው ግን ኑሮው በቲፕ ላይ ነው፤ እንዲጠይቅም አይፈቀድለትም።

ከ5 እስከ 10 ዶላር ይስጡት፤ ሻንጣው ሦስት አራት ከሆነ ትንሽ ይጨምሩ። ዋናው ጊዜው ነው። በሩ ሲከፈት ልጆች እየሮጡ ይመጣሉ፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እቅፍ አበባ ይዘረጋል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ገፊው ልጅ እጁን ዊልቸሩ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆም ይልና ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ይመለሳል። ያን ጊዜ ገንዘብ የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ሻንጣዎ ከተነሳ በኋላ፣ የመጨረሻው በር ሳይደርስ፣ አጥፈው የያዙትን በእጁ ያስጨብጡት። ልጁ የአገር ሰው ሆኖ «ኧረ አባባ ይተዉት» ካለዎት አንዴ ደገም አድርገው «ለሻይ ነው፣ እንካ» ይበሉት።

አጥፈው የሚይዙትን ገንዘብ በምንም ምክንያት ፓስፖርትዎ ውስጥ እንዳያደርጉት። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፓስፖርቱን ሲገልጥ ዶላር ካገኘ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ገበታ ላይ

አስተናጋጅ መጥቶ የሚታዘዝበት ምግብ ቤት ሁሉ ቲፕ አለው። ከሂሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ በትልልቅ ከተሞች ወደ ሃያው ማዘንበሉ የተለመደ ሆኗል። ስሌቱ ቀላል ነው። ምግቡ 64 ዶላር ከሆነ አሥር በመቶው 6 ዶላር ከ40 ነው፤ እሱን እጥፍ ሲያደርጉት 12 ዶላር ከ80 ይመጣል፤ ሃያ በመቶ ማለት ነው። አሥራ አምስት የሚሰጡ ከሆነ 9 ዶላር ከ60። የሚሰላው ታክስ ሳይጨመር ካለው ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ ደግሞ የምግብ ቤት ታክስ አሥር በመቶ ስለሆነ፣ ታክሱን ብቻ አይተው እጥፉን መተው ይበቃል። ድንበር ተሻግረው ሜሪላንድ ከበሉ ታክሱ ስድስት በመቶ ነውና ሦስት እጥፍ ያድርጉት።

ደረሰኙ ሲመጣ ሦስት ነገር ይለዩ። «ታክስ» የሚለው የመንግሥት ነው፤ ከአስተናጋጁ ጋር ግንኙነት የለውም። «ግራቹይቲ» የሚል መስመር ከነቁጥሩ ሂሳቡ ውስጥ ተደምሮ ካዩ ቲፑ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው ሲቀመጡ ብዙ ቤቶች 18 ወይም 20 በመቶ በራሳቸው ይጨምራሉ። የእኛ ሰው ሲጋበዝ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ስለሆነ ይህን መስመር ሳያዩ ሌላ ሃያ በመቶ መጨመር የተለመደ ኪሳራ ነው። ከደረሰኙ ግርጌ ደግሞ 18፣ 20፣ 22 እያለ ትይዩው ቁጥር የተጻፈ ይኖራል፤ እሱ ስሌት እንዲያግዝዎ ብቻ የተቀመጠ ነው፣ አልተደመረብዎትም።

«ሰርቪስ ፊ» የሚለው አስቸጋሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋሽንግተን ዲሲ መራጮች ቲፕ የሚያገኙ ሠራተኞች ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ከሌላው ጋር እንዲተካከል ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ብዙ ምግብ ቤቶች ይህን መስመር ጨምረዋል። አንዳንዱ ቤት ለሠራተኛው ያደርሰዋል፤ አንዳንዱ ለራሱ ወጪ ያውለዋል። ልጅዎ «ይህ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ አስተናጋጁን ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ በሐቅ ይነግሩታል። ለሠራተኛው የተተወን ቲፕ ግን ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ለራሱ እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክላል።

በካርድ ሲከፈል ሁለት ወረቀት ይመጣል። አንዱ የቤቱ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። የቤቱ ላይ «ቲፕ» በሚለው ፊት መጠኑን፣ «ቶታል» በሚለው ፊት ድምሩን ጽፈው ይፈርሙና ጠረጴዛው ላይ ይተዉታል። በጥሬ ገንዘብ መተው ከፈለጉ የቲፑን መስመር ሰርዘው ገንዘቡን ከወረቀቱ ጋር ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ሂሳቡ ግብግብ እንምጣ። «እኔ ልሙት»፣ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ካርድ ከእጅ ሲነጠቅ አስተናጋጇ በሰዓቱ ሌላ አምስት ጠረጴዛ አላት። አባት ልጁ ሲከፍል ዝም ብሎ ማየት እንደሚከብደው አውቃለሁ። መላው እንዲህ ነው፦ ሂሳቡን ለልጅዎ ይተዉና ቲፑን እርስዎ በጥሬው ያስቀምጡ። ልጅዎ አይከፋውም፤ እርስዎም ባዶ እጅዎን አይነሱም። ብቻ ቀድመው ይንገሩት፤ አለዚያ እሱ ደግሞ በካርዱ ይጨምርበታል።

የሐበሻ ምግብ ቤትም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። ባለቤቱ የፋርጣ ልጅ ቢሆን፣ አስተናጋጇ «እማማ» ብላ ጉልበትዎን ብትስምም ደመወዟ በዚያው ሕግ ነው። እንዲያውም ዘመድነቱን ተመርኩዘው ቲፕ የሚዘሉት የእኛው ሰዎች ናቸው ብለው የሚያማርሩ አስተናጋጆች አሉ። አዝማሪ ያለበት ቤት ከገቡ ለመሸለም ከጎንደር የመጣ ሰው አስተማሪ አያሻውም፤ የአዝማሪው ሽልማት ግን የአስተናጋጇን ቲፕ አይተካም። ፈረንጅ ሙዚቀኛ ሲጫወት ደግሞ ከመድረኩ ፊት ማሰሮ ወይም ባልዲ ያስቀምጣል፤ እዚያ ውስጥ ይጣሉለት፣ ግንባሩ ላይ አይለጥፉበት።

መስተንግዶው መጥፎ ከሆነስ? ምግብ መዘግየት የወጥ ቤቱ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ አስተናጋጁን አይቅጡት። በግልጽ ካመናጨቀዎት ወደ አሥር በመቶ ዝቅ ያድርጉና ልጅዎ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግር። ምንም ሳይተዉ መሄድ ግን ቅሬታዎን አይናገርልዎትም፤ «ባላገር ነው፣ አያውቅም» ብቻ ነው የሚያስብለው።

መጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ ለአንድ መጠጥ አንድ ዶላር። ራስዎ ተነስተው በሚያነሱበት ቡፌ ሳህን ለሚያነሳው ሰው በነፍስ ወከፍ አንድ ሁለት ዶላር።

ቡና በባንኮኒ ገዝተው ሲከፍሉ ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እርስዎ ታዞረዋለች፤ 18፣ 20፣ 25 የሚሉ ትልልቅ ሳጥኖች ይታያሉ። «ኖ ቲፕ» የሚለው ከታች በትንሹ ተጽፏል። እዚህ ግዴታ የለብዎትም። ቆማ ያቀበለችዎትን ብቻ ተቀብለው ለሚሄዱት ዜሮውን መጫን አያሳፍርም፤ ደስ ካለዎት አንድ ዶላር ይተዉ። ከኋላዎ የተሰለፈው ሰው እንዳያይዎት ብለው ሃያ አምስቱን ከጫኑ የተሸነፉት በስክሪኑ ነው።

መንገድ ላይና ከቤት ውጭ

ለታክሲ ከሂሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ። ኡበርና ሊፍት ከሆነ ልጅዎ ከወረዱ በኋላ በስልኩ ይጨምራል። ዋሽንግተን ውስጥ ሾፌሩ ኢትዮጵያዊ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ወሬው ደርቶ «የማን ልጅ ነህ?» ላይ ከተደረሰ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሊያስቸግር ይችላል። አይስሙት፤ መኪናውን ለማቆየት ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ሰው ነው። ከኤርፖርት በራሱ መኪና ለተቀበለዎት የልጅዎ ጓደኛ ግን ገንዘብ አይዘርጉ፤ ይቀየማል። እሱን ያመጡት በርበሬ ይክሰዋል።

ፀጉር ለሚያስተካክልዎትና ሹሩባ ለምትሠራልዎት ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ። ምግብ እቤትዎ ድረስ ላመጣ ሰው ከ3 እስከ 5 ዶላር፣ በረዶ ከጣለ ጨመር አድርገው፤ «ዴሊቨሪ ፊ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ለድርጅቱ እንጂ ለአምጪው አይደርስም።

ጢስ ዓባይ ሥር ያደገ ሰው የናያግራን ፏፏቴ ሳያይ መመለስ አይሆንለትም። በአውቶቡስ ጉብኝት ከሄዱ ለአስጎብኚው ከ5 እስከ 10 ዶላር በቀን በነፍስ ወከፍ ይታሰባል፤ ሾፌሩ ሌላ ሰው ከሆነ ለእሱም ትንሽ ለየብቻ። ሆቴል ካደሩ ክፍል ለምታጸዳው ሴት በየሌሊቱ ከ2 እስከ 5 ዶላር ይተዉ። በየቀኑ የሚባልበት ምክንያት አለው፦ ዛሬ ያጸዳችው ነገ ተረኛ ላትሆን ስለምትችል፣ በመጨረሻው ቀን አጠራቅመው የሚተዉት ላልለፋችው ይደርሳል። ከገንዘቡ ሥር «ታንክ ዩ» የሚል ወረቀት ያስቀምጡ፤ አለዚያ የረሱት ገንዘብ መስሏት ላትነካው ትችላለች። ሻንጣ ወደ ክፍል ላደረሰ ለአንዱ ሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር፤ የልጅዎን መኪና አቁሞ ለመለሰ ከ2 እስከ 5 ዶላር፣ የሚሰጠውም መኪናው ሲመለስ ነው።

የማይሰጥባቸው

ይህኛው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለፖሊስ፣ ለኢሚግሬሽንና ለጉምሩክ መኮንን፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ሠራተኛ፣ ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ አምስት ሳንቲም አይስጡ። የትራፊክ ፖሊስ ልጅዎን ቢያስቆመው እጅዎን ወደ ኪስ አይስደዱ፤ ለፖሊስ ገንዘብ መዘርጋት ጉቦ ነው፣ ያስከስሳል። ሐኪምና ነርስም አይቀበሉም፤ ሆስፒታል ለተንከባከበችዎት ነርስ ምርቃትዎ ይበቃታል። የልጅ ልጅዎ አስተማሪም እንዲሁ።

ባንኮኒ ላይ ተሰልፈው በሚገዙባቸው የበርገር ቤቶች፣ በሱፐርማርኬት፣ በነዳጅ ማደያ አይሰጥም። ነዳጅ በአብዛኛው አገሩ ባለመኪናው ራሱ ነው የሚቀዳው፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ብቻ ራስ መቅዳት በሕግ ስለተከለከለ ቀጂ ያያሉ፤ ለእሱም ግዴታ የለም። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፤ በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ምንም አይጠበቅብዎትም። መንገድ ላይ «ነፃ ጉብኝት» ብሎ የሚያዞር አስጎብኚ ግን ደመወዙ መጨረሻ ላይ የሚሰጡት ነውና እሱን ከዚህ ጋር አያምታቱት። የቤተ ክርስቲያን መባና ስለትም የራሱ ቦታ አለው፤ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ሲመለሱ

ዳላስ በር ላይ ከመኪና ሲወርዱ ዩኒፎርም የለበሱ ሻንጣ ተሸካሚዎች ጋሪ ይዘው ይቆማሉ። ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሞሉ ሁለት ሻንጣዎች ይዘው ስለሚሆን ይጠቀሙባቸው፤ ለአንዱ ሻንጣ ሁለት ዶላር ይስጡ። ሚዛን ላይ ኪሎው በልጦ ሻንጣ ተከፍቶ ጫማና ልብስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገላበጥ ከሆነና ተሸካሚው ቆሞ ካገዘዎት አምስት ያድርጉት። መመዝገቢያው ባንኮኒ ላይ ለተቀመጠችው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ግን አይሰጥም፤ ለትርፉ ኪሎ የምትጠይቅዎት ክፍያ ነው፣ እሱም በደረሰኝ።